ስክሪኑ ዝም ሲል

ቦዲቲ ክሊኒክ ውስጥ፣ ባለቤቴ ራሱን ስቶ በተኛበት፣ የደሙ ኦክስጅን የሚታይበት ስክሪን ድንገት ጠቆረ። ቁጥሩም ድምፁም ጠፋ። እጄን ደረቱ ላይ አድርጌ «ነርስ!» ብዬ ጮህኩ። አጠገቤ የቆመችው የእህቴ ልጅ አስቴር ፊቷ አመድ መሰለ። ለካ የማሽኑ ፕሮግራም የተገነባው እሷ በሠራችው ኤስዲኬ ላይ ነው፤ ሌሎች ፕሮግራመሮች ሥራቸውን የሚጀምሩበት የተዘጋጀ መሠረት ማለት ነው። ሶዶ እኔ ቤት ተቀምጣ ራስት በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ ስትጽፈው፣ «ይሄ ቋንቋ የኮምፒውተር ሜሞሪ ስህተት ገና ሲጻፍ ይይዛል» እያለች ትኩራራብኝ ነበር።

«አክስቴ፣ ፕሮግራሙ ያልጠበቀው ነገር ገጥሞት ነው። የተሳሳተ ቁጥር ከማሳየት መቆም ይሻላል ብሎ ራሱን አቆመ» አለችኝ።

«ታዲያ ሲቆም አይናገርም? አፍ አልሰጠሽውም?»

«ስህተቱን እንዲናገር ማድረግ ነበረብኝ። እንዲህ ያለ ነገር አይደርስም ብዬ ዘለልኩት።»

ነርሷ ሮጣ መጥታ የባለቤቴን አንገት በጣቷ ዳሰሰች።

«ልባቸው ይመታል» አለች በመጨረሻ። ማሽኑን አጥፍታ አበራችው፤ ቁጥሩ ተመለሰ። «በቃ እናቴ፣ አሁን እጅዎን ከደረታቸው ላይ ያንሱ።»

«እናንተ ስክሪኑን እዩ» አልኳቸው። «እኔ ይሄን የልቡን ምት ይዣለሁ።»