በገርጂ የመጽሐፍ ምረቃ ላይ ቤንዚን ስለመደፋቱ የተሰጠ ቃል

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ እንቁ አምደሚካኤል
ዕድሜ፦ 44
አድራሻ፦ አዲስ አበባ፣ ቦሌ ክፍለ ከተማ፣ ገርጂ
ሥራ፦ በዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት የመጻሕፍት ሽያጭ ሠራተኛ
ቃል የተሰጠበት ቀን፦ የካቲት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተገለጸው ምስክር ስለ ጉዳዩ ተጠይቄ ያየሁትንና የሰማሁትን እንደሚከተለው አስረድቻለሁ።

ዛሬ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መሥሪያ ቤቴ ያሳተማቸውን አዳዲስ የታሪክና የማኅበራዊ ጥናት መጻሕፍት ለማስመረቅ ገርጂ በሚገኝ የኪራይ አዳራሽ ዝግጅት ነበረን። አዳራሹ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሲሆን ያለው በር አንድ ብቻ ነው። እኔ በሩ አጠገብ መጻሕፍቱን ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ እሸጥ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ዶ/ር ሳና ሃይደር የተባሉት ደራሲ «ከሞፈር ወደ ዱላ» ስለተሰኘው መጽሐፋቸው መናገር ጀመሩ። መጽሐፉ የካ አባዶ ላይ መሬታቸው ለኮንዶሚኒየም ከተወሰደ በኋላ እዚያው የቀድሞ ማሳቸው ላይ ዘበኛ ስለሆኑ ገበሬዎች የተጠና ነው። መረጃ የሰጡ ሰዎች ስም በመጽሐፉ አልተጠቀሰም።

በዚህ መካከል አንድ ወጣት ወደ ጠረጴዛዬ መጣ። ስሙ በዳሳ ቱፋ መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው። ያንኑ መጽሐፍ አንስቶ እያገላበጠ ብዙ ሰው አንብቦት እንደሆነ ጠየቀኝ። ገዢ መስሎኝ ገና ከመመረቁ በፊት በሬዲዮም እንደተተረከ ነገርኩት። «እሱንማ እናቴም ሰምታለች» አለኝ። ከዚያም በሩን እዚያው ተሰክቶ በነበረው ቁልፍ ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ፤ ከቦርሳው የሃይላንድ ፕላስቲክ አውጥቶ የያዘውን በመጻሕፍቱ ላይ ደፋው። ቤንዚን መሆኑን ከሽታው አወቅሁ። ቀሚሴም ረጠበ። በሌላ እጁ ላይተር ስለያዘ ካለሁበት መንቀሳቀስ ፈራሁ።

በዳሳ ዶ/ር ሳናን እያየ እንዲህ አለ፦ «ሁለት ጣት የጎደለው ዘበኛ ከፎቅ ራሱን ጣለ ብለው ጽፈዋል። በሰፈራችን ጣት የጎደለው ዘበኛ ከአባቴ ሌላ አልነበረም። አባቴ አዳልጦት ነው የሞተው። ራሱን ጣለ ብሎ የነገረዎት ማን ነው?»

ዶ/ር ሳና «ስሙን ላልጠራ ቃል ገብቼለታለሁ። አልነግርህም» አሉ። ከተሰብሳቢው አንዱ «ይንገሩት እባክዎ፣ ማለቃችን ነው» አላቸው። እኔም ተናግረው በተገላገልን ብዬ ተመኝቻለሁ። እሳቸው ግን ራሳቸውን በእምቢታ ነቀነቁ። በዳሳ አውራ ጣቱን ላይተሩ ላይ አደረገ።

በዚህ ጊዜ ከኋላ ረድፍ አንድ ሽማግሌ ተነሱ። ከደራሲዎቹ የአንዱ አባት ናቸው ብዬ ስለገመትኩ ገና ሲገቡ ወንበር የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። «የነገርኳት እኔ ነኝ በዳሳ» አሉ። በዳሳ ዞሮ ሲያያቸው «ጋሽ ቢተው?» አለ። ከንግግራቸው እንደተረዳሁት አቶ ቢተው ከአባቱ ከአቶ ቱፋ ጋር አብረው በጥበቃ ይሠሩ ነበር።

«አዳልጦት ነው ብለው ለእናቴ የነገሯት እርስዎ ነዎት» አላቸው።

«አዎ ልጄ። ራሱን አጠፋ ከተባለ ፍትሐት ይከለከላል፣ በቤተ ክርስቲያን አይቀበርም ብዬ ፈራሁ። እናንተንም ሰው እንዳያወራባችሁ ብዬ ነው። ለብቻዬ መሸከም ሲያቅተኝ ስምህ አይጠራም ላለችኝ ለዶክተሯ ተነፈስኩ። የነገርኳት እውነቱን ነው።»

ይህን እያሉ በወንበሮቹ መሀል ወደ እሱ ቀረቡ። በዳሳ ዝቅ ባለ ድምፅ «ብቻውን ነበር?» ሲል ጠየቃቸው።

«አልነበረም። ደርሼበት ነበር። በኮቱ ያዝኩት፤ ኮቱ እጄ ላይ ቀረ።»

በዳሳ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ላይተሩ ከእጁ ሲወድቅ አንስቼ በመስኮት ወረወርኩት። ቁልፉን ራሱ አውጥቶ ሰጠኝና በሩን ከፈትኩ። ሰው ሁሉ እየተጋፋ ሲወጣ አቶ ቢተው አጠገቡ ተቀምጠው ትከሻውን ይዘውት ነበር። ዶ/ር ሳናም አልወጡም፤ ግድግዳ ተደግፈው ያለቅሱ ነበር። ፖሊስ እስኪደርስ በዳሳ ለማምለጥ አልሞከረም። ሲወስዱት ለአቶ ቢተው «ጋሼ፣ እኔ ሳልኖር እናቴ ጋ እንዳይሄዱ። አብረን እንነግራታለን» ሲላቸው ሰምቻለሁ። እሳቸውም «እሺ» ብለውታል።

በሰው ላይ የደረሰ ጉዳት ስለመኖሩ ተጠይቄ፣ ከመጻሕፍቱና ከልብሴ በቀር የተጎዳ እንደሌለ ገልጫለሁ። በግሌ ክስ ማቅረብ እፈልግ እንደሆነ ተጠይቄ፣ አሁን መወሰን እንደማልችል መልሻለሁ።

ወደዚህ ክፍል ስገባ አቶ ቢተው በጣቢያው በር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ተረኛው ፖሊስ ልጁ ዛሬ እንደማይፈታ ነግሯቸው ወደ ቤታቸው እንዲሄዱ ሲመክራቸው «ግድ የለም፣ እጠብቀዋለሁ» ብለውታል።

የሰጠሁት ቃል ተነቦልኝ የተናገርኩት ሳይጨመርበትና ሳይቀነስበት መጻፉን ተረድቻለሁ፤ እውነት ለመሆኑም እፈርማለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ እንቁ አምደሚካኤል
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ፦ ም/ሳጅን ግርማይ ኢስሐቅ፣ ፊርማ