ኤዶ ሳህራ ሰፈራቸውን ያሙበት ጠዋት

ኮድቡር በሚባለው የሶማሌዎች ሰፈር፣ ሁሉም ኤዶ (አክስት) የሚላቸውን የሳህራን በር ሳንኳኳ ያዩት ፊቴን ሳይሆን የያዝኩትን ወረቀት ነው። የምሠራበት የንድፍ ቢሮ አየር ማረፊያው አጠገብ የአረጋውያን መንደር ሊሠራ ነው፤ እኔ ደግሞ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ሰፈራቸውን ምን እንደሚያስወድዳቸው እየዞርኩ እጠይቃለሁ። ሶማሊኛዬ ድሬዳዋ ድሬዳዋ ሲላቸው፣ እሳቸውም እዚያ የኖሩ ናቸውና ወደ አማርኛ ዞሩ። «ማን ላከህ?» «ቢሮዬ።» «ቢሮህንስ ማን ላከው?» በጥርጣሬ እያዩኝ አስገቡኝ። «ሰፈሩን ይወዱታል?» አልኳቸው። «ምኑን? አቧራውን?» «ጎረቤቶችዎስ?» «አላውቃቸውም።» ይህን እያሉኝ፣ ትናንት ስጠይቃት እሷም «ጎረቤቶቼን አላውቅም» ያለችኝ አሚና ሳታንኳኳ ገባች፤ ከጀሪካናቸው ውሃ ቀድታ ጠጣች፤ ጉልበታቸው እንዴት እንዳደረ ጠይቃ ወጣች። «አሚናን አያውቋትም?» «መንገደኛ ናት።»

ያኔ ገባኝ። የሚወዱትን ካወቅኩ የምወስድባቸው መስሏቸዋል። መልሳቸውን ልጽፍ ወረቀቱን ስገለብጥ፣ አለቃዬ «ለቢሮ ብቻ» ያለውን የጀርባ ገጽ ለመጀመሪያ ጊዜ አነበብኩት፤ ከሰፈራቸው ጋር ቁርኝት የሌላቸው ቀድመው ወደ አዲሱ መንደር ይዛወራሉ ይላል። ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። «ወላሂ፣ አላየሁትም ነበር» አልኩ። «ትዋሻለህ!» አሉና ወረቀቱን ከእጄ ነጥቀው ተቀመጡበት። እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን አላምንም ነበር። ከዚያ ወደ ጎረቤት በሶማሊኛ ተጣሩ፦ «አሚና! የትናንቱን ወረቀትሽን ተቀበይው፣ ከቤታችን ሊያስነሱን ነው!»

ከአጥሩ ማዶ የአሚና ድምፅ መለሰ፦ «ማን ልበል? አላውቅዎትም!»