ጋቢና የተቀመጠች ሰው

በእኛ ጊዜ ቅናት ቅናት ነበር ልጆቼ! እናንተ ስልክ ትበረብራላችሁ፤ እኛ መኪና ነበር የምንበረብረው። ትስቃለህ? ሳቅ። ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመት እንዳለፈ አያታችሁ ባሳ አንዲት አሮጌ ፒክአፕ ገዛ፣ እና ከሶዶ ቢጠና ከተማ እህልም ሰውም ያመላልሳል። እኔ ደግሞ እቤት ሲገባ ጋቢናውን በዐይኔ እፈትሻለሁ፤ ፀጉር ቢጤ፣ የሽቶ ጠረን ቢጤ። ምን ላድርግ፣ መልከ መልካም ነበራ! መስታወቱን ወደ ጋቢና ዞሮ ካገኘሁት "ማን ተኳለችበት?" እላለሁ።

ታዲያ መኪናዋ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ኮረኮንቹ ላይ ደህና ናት፣ አስፋልት ወጥታ ሰማንያ ስትሞላ ግን ትንዘፈዘፋለች፣ ከሰማንያ ስትወርድ ጸጥ። እና መካኒኩ ሙሉጌታ ጋ ሄድን። "ሄድን" አልኩ እንጂ እሱ ሲሄድ እኔ ተከተልኩት፤ የት እንደሚሄድ በምን አውቃለሁ?

ሙሉጌታ ምን አለ? "ጋሽ ባሳ፣ የሚንቀጠቀጠው መሪው ነው ወይስ ወንበሩ? መሪው ከሆነ ችግሩ ከፊት ነው፤ ወንበሩ ከሆነ ከኋላ ነው።"

ባሳ ምን ይላል! "መሪ ሰላም ነው። ወንበሩን እኔ ለምጄው አላስተዋልኩም። ጋቢና የተቀመጠች ሰው ናት 'ከሥሬ ይነዝረኛል' ያለችኝ።"

ያለችኝ! ሰማችሁ? ጆሮዬ ቆመ።

"የተቀመጠች? ማናት?"

"ኧረ ወንድ ነው! ወንጌላዊው ማርቆስ ነው።"

"ማርቆስ ከመቼ ወዲህ ነው 'የተቀመጠች' የሆነው?"

"አማርኛዬን እያወቅህ!"

እውነቱን ነው፣ አውቃለሁ። አፉን የፈታው በወላይትኛ ነው፤ ካገባኝ ጀምሮ ወንዱን ሴት፣ ሴቷን ወንድ ያደርጋል። "አባቴ መጣች" ይላል፣ "በሬው ጠፋች" ይላል፣ እኔንም ሲቆጣ "አንተ!" ይለኛል። የእኔ ወላይትኛ ደግሞ ከእሱ አማርኛ ይብስ ስለነበር አልስቅበትም። እና ልመነው?

ታዲያ ሙሉጌታ የፊቱን ጎማ ከኋላ፣ የኋላውን ከፊት አቀያየረና "እንሞክራት፤ ጥፋቱ የጎማው ከሆነ አሁን ወደ መሪው ይዞራል" አለ። "ጋቢና እኔ ነኝ የምቀመጠው!" አልኩ። ባሳን ከኋላ እህል የሚጫንበት ላይ ሰቀልነው፣ ሙሉጌታ መሪውን ያዘ፣ እና ወደ ቦዲቲ በሚወስደው አስፋልት ተፈተለክን። ሰማንያ ገባች።

"እትዬ፣ ይነዝርዎታል?"

"ሴት ናት አይደል ሙሉጌታ?"

"እኔ የምጠይቅዎት ስለ ወንበሩ ነው!"

"እኔስ ስለ ወንበሩ አይደል?"

እየነዘረኝ ነበር፤ ከሥሬ ተነስቶ እስከ ወገቤ። መሪው ግን በሙሉጌታ እጅ ዝም ብሏል። ማርሹን ዜሮ አድርጎ ለቀቃት፤ ያው መንቀጥቀጥ። "ሞተሩም አይደለም፣ ጎማውም አይደለም" አለና ዳር አቁሞ፣ ካርቶን አንጥፎ ከሥሯ ገባ። የሞተሩን ጉልበት ወደ ኋላ ጎማ የሚወስደውን ረጅሙን ብረት፣ ትራንስሚሲዮን የሚሉትን፣ በእጁ ሲወዘውዘው ቀጭ! ቀጭ! ቀጭ! "ክሮቸራው ተበልቷል" አለ፤ የብረቱን መገጣጠሚያ ማለቱ ነው። "ጋሽ ባሳ፣ ይኼ በሰማንያ ተበጥሶ ቢሆን ገደል ነበር የሚገቡት። የነገረዎትን ሰው እግሩን ይሳሙ።"

ታዲያ እኔ ምን አልኩ? ባሳ አቧራ ለብሶ ከላይ ሲወርድ፣ ማር በመሰለ አፍ "እንግዲያው ነገ ማርቆስን ምሳ እንጋብዘው፤ ባሌን አትርፎልኛል" አልኩት። ላቡ! ላቡን ብታዩት!

"ማርቆስ..." አለ።

"እህ?"

"ሴት ናት። ቢጠና የምታስተምር ናት፣ ተሳፋሪ ናት። ዐይንሽን ሳይ ፈራሁ።"

ወይ ጉድ! በስንት ዓመት አንድ ቀን አማርኛው ቢስተካከልለት፣ እሱኑ ካደው! ሳቄም መጣ፣ እንባዬም መጣ። ቅናት እንዲህ ነው ልጆቼ፣ ያማል። ባሌን ሊገድልብኝ የነበረውን ብረት ትቼ፣ እኔ የማስበው እሷ ከጎኑ እንዴት ሆና እንደተቀመጠች ነበር። ተሳፍራ ከመሄድ ያለፈ ነገር አላገኘሁባቸውም፤ ፈልጌ ግን ነበር! ክሮቸራው ተቀየረ፣ መኪናዋም በሰማንያ ጸጥ ብላ ሄደች። እኔ ግን ቢጠና በሄደ ቁጥር ጋቢና ተቀምጬ አብሬው እሄዳለሁ፣ እና አንድ ቀን አስተማሪዋ ራሷ መጥታ ከኋላ ተሳፈረች፣ "እትዬ፣ አሁን አይነዝርም አይደል?" አለችኝ፤ በትህትና፣ ፈገግ ብላ። ዛሬም ትዝ ሲለኝ ያንገበግበኛል።

"አያቴ፣ ቆንጆ ነበረች እንዴ?"

አስቀያሚ ብትሆን ይኼን ሁሉ ዓመት አስታውሳት ነበር? ኪ ኪ ኪ! ሂጂ ወዲያ!