«ሰው አለኝ» ያለው ልብስ ሰፊ

የእጄን ስፌት ላስፈታ ወደ ሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል የገባሁ ዕለት ክሩን የምትፈታልኝን ሴት ቀና ብዬ ሳያት አብሮ አደጌ ሆና ተገኘች። የክፍሉ ኃላፊ ነርስ ናት፤ ትልቁም ትንሹም «ሲስተር» ይላታል። ከስንት ዘመን በኋላ ተገናኝተን አገላብጣ ሳመችኝ። ክሩ ሲመዘዝ ዓይኔ እንባ ማቅረሩን በናፍቆት አሳበብኩ።

ወሬያችን ሳይሞቅ አንዲት ወጣት መጣች። ሆስፒታሉ በቅርቡ የቀጠራት የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ ናት። የመጣችው በዚያ ቀን ስለሚወጣ አንድ ልብስ ሰፊ ልትነጋገር ነበር። ሰውዬው ሞተር ብስክሌት ገጭቶት ራሱን ስቶ የገባ ነው፤ ስልኩ እዚያው መንገድ ላይ ተሰባብሯል። ብዙ ሰንብቶ አሁን በክራንች መሄድ ጀምሯል።

«እትዬ፣ ሳይወጡ ትንሽ ላነጋግራቸው» አለች በትሕትና።

«እኔ ጠይቄዋለሁ ልጄ። ‹ሰው አለህ ወይ?› አልኩት፤ ‹አለኝ፣ ይመጡልኛል› አለ። ከዚህ በላይ ምን እንበለው? የእኛ ሥራ ማከም ነው። የሰው ጓዳ መግባት ከጀመርን ማቆሚያ የለውም።»

ወጣቷ አልተቆጣችም። ሰው በሞላበት ክፍል ተኝቶ «ሰው የለኝም» ብሎ የሚናገር እንደማይገኝ፣ ይህን ማለት ለብዙዎች ከቁስሉ እንደሚብስ አስረዳች። ሲስተር በበኩሏ በዚህች አንድ ጥያቄ ስንቱን በሰላም እንደሸኘች፣ አልጋ የሚጠብቀውም ሕመምተኛ ኮሪደሩን እንደሞላው ነገረቻት። እውነቷን ነው፤ ግሉኮስ ተሰክቶላቸው ወንበር ላይ የተቀመጡ እኔም አይቻለሁ።

«አንተ አስተማሪ ነበርክ፤ እስቲ ፍረደን» አለችኝ ሲስተር። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ፍርድ የጠየቀኝ ስላልነበር ደስ እያለኝ ለአብሮ አደጌ ፈረድኩ። ሐኪም ያክም፣ የዳነም ቤቱ ይግባ አልኩ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና» አለች ወጣቷ፣ «የሚገቡበት ቤት ባይጠብቃቸውስ? ተከራይ ናቸው እንበል። ድንገት ጠፉ። አከራያቸው ‹ጥሎኝ ሄደ› ብለው ክፍሉን ለሌላ ይሰጣሉ። እሳቸው እዚህ ሲድኑ ቤታቸው እዚያ እየፈረሰ ነው። ነፍሳቸውን ያወቁ ዕለት አንድ ስልክ ቢደወል ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። ‹ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ› ይባል የለ?»

ሲስተር ተነሥታ በመስኮት ወደ ግቢው ተመለከተች። ልብስ ሰፊው ለካ ወጥቶ በሩ አጠገብ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። መኪና በቆመ ቁጥር ቀና ይላል፤ ዘበኛው ሲያየው ደግሞ ሰው እንደሚጠብቅ ሁሉ አንገቱን ያሰግጋል።

ተከትለናት ወጣን። አጠገቡ ተቀመጠችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ወንድሜ፣ ዛሬ የት ነው የምታድረው?» አለችው።

ክራንቹን አግዳሚው ላይ አስደገፈ። «አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነበር። የአከራዬ ቁጥር ከስልኬ ጋር ጠፋ። ሄጄ የስፌት መኪናዬን ደጅ ተጥላ ባገኛትስ? እዚህ እስከተቀመጥኩ ድረስ ቢያንስ ቤት እንዳለኝ አስባለሁ።»

ሲስተር ፊቷ ተለዋወጠ። ወጣቷ ግን ጊዜ አላባከነችም። ከቤቱ አጠገብ ምን እንዳለ ጠየቀችው፤ «ፊት ለፊቱ መድኃኒት ቤት አለ» አላት፤ ቁጥሩን ከሆስፒታሉ ፋርማሲ አገኘች፤ ደወለች። የመድኃኒት ቤቱ ሰው ስልኩን ይዞ መንገድ ተሻገረና ለአከራይዋ ሰጠ፤ ወጣቷም የራሷን ለልብስ ሰፊው አቀበለችው። ሴትዮዋ መጀመሪያ አለቀሱ፣ ቀጥለው ተቆጡ።

«ምነው ሰው አትልክም? ሞቷል ወይ ሸሽቷል ብዬ ዕቃህን እኮ በረንዳ ላይ አወጣሁት! አዲሱ ተከራይ ከሰዓት ይገባል። በል ና፤ በሕይወት ካለህማ ቤቱ ያንተ ነው። ለእሱ ሌላ እፈልግለታለሁ።»

ልብስ ሰፊው ስልኩን ለወጣቷ መልሶ ክራንቹን አነሣ። ሲስተር ወደ ወጣቷ ዞረች።

«አሸነፍሽኝ ልጄ። ስንቱን ሸኘሁ ስል ለካ የሸኘሁት እስከ በሩ ብቻ ነው።»

እኔም ፍርዴን አነሣሁ፤ ይግባኝ የሚጠይቅ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ በዚያ ክፍል ሕመምተኛ ነፍሱን ሲያውቅ፣ ጥግ ወስደው በቀስታ ቤቱ ማን እንዳለ ይጠይቁታል፤ ለቤተሰቡ፣ ለአከራዩ ወይም ለአሠሪው ይደውላሉ። ጭራሽ መግቢያ የሌለው ከሆነ ወጣቷ ከመውጣቱ በፊት ማረፊያ ታፈላልግለታለች። ጥቅሙ ለሕመምተኛው ብቻ አልሆነም። ቤቱ ያረፈ ሰው መድኃኒቱን በሰዓቱ ይውጣል፣ ቁስሉን ያጥባል፤ ጎዳና አድሮ መግል ይዞ የሚመለሰው ስለቀነሰ ኮሪደሩም ተንፈስ ብሏል። አንዷ ለመማር ሌላዋ ለማስተማር ስላልታከቱ ሁለቱንም ከልቤ አመሰግናቸዋለሁ።

በኋላ ሲስተርን ልጠይቅ በሄድኩበት ቀን ልብስ ሰፊው ያለ ክራንች ገባ። የታጠፈ ሰፊ ጨርቅ ይዟል። ሲዘረጋው ወፍራም መጋረጃ ነው፤ ሰው ለሚጠየቅበት ጥግ ለክቶ የሰፋው።

«እግሬን ስላዳናችሁልኝ አመሰግናለሁ ብያለሁ» አለ። «ስለ ቤቴ ግን ምን እንደምል ጠፋኝ፤ ስለዚህ ይህን ሰፋሁ። ሰው ከዚህ ጀርባ ሆኖ ‹ሰው የለኝም› ለማለት አያፍርም።»

ሲስተር ዓይኗን እየጠረገች መሰላል እንዲያመጡላት ላከች።