ከበር የማያልፍ ሌንስ

«እትዬ ሰውዳ፣ እንዴት ዋሉ? ልጆቹ ደህና? ሙሽራችንስ? አቧራውስ እንዴት አድርጎዎታል? እኔማ ከቤት እዚህ እስክደርስ ግማሹን ገዳሪፍ ዋጥኩት። ወላሂ፣ ዘንድሮ ይሄ የአቧራ አውሎ፣ ሀቡቡ፣ ሰሊጡ ሲጫን አብሮ መሳፈሩን ረሳው መሰለኝ…»

ባሕሪያ ይህን እያለች ጫማዋን ደፉ ላይ አራገፈችና ወደ እትዬ ሰውዳ ጨርቅ ሱቅ ገባች። ፎቶ አንሺው በድሩ ደነገጠ። ሴትዮዋ በዚህ ሰዓት ትመጣለች ብሎ አላሰበም።

ሴቶች ከሚከናነቡት የቶብ ጨርቅ ክምር ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ጠዋቱን ሙሉ ሲለማመደው የነበረውን ንግግር ገና አሁን መጨረሱ ነው። የእትዬ ሰውዳ ትልቋ ልጅ በመጪው ወር ትዳራለች። እስከ ዛሬ በእነሱ ሰፈር ሰርግ ሲኖር የፎቶው ሥራ ለሁለት የተከፈለ ነበር፤ ወንዶቹን በድሩ ያነሳል፣ ሴቶቹ ዘንድ ወንድ ስለማይገባ እዚያ ባሕሪያ ታነሳለች። አሁን ግን በድሩ ከካርቱም አዲስ ዙም ሌንስ ገዝቶ መጥቷል። «በር ላይ ቆሜ፣ ደፉን ሳልረግጥ፣ ሙሽሪትን እስከ ቅንድቧ አቀርባታለሁ። ሁለት ሰው ምን ያደርግልዎታል?» ብሏል። ያላለው ነገርም አለ። ይህን ሰርግ አሳምሮ ካነሳ፣ ለታናሺቱ ለሉሉ ሽማግሌ ሊልክ አስቧል። እትዬ ሰውዳ መልስ ሊሰጡ አፋቸውን ሲከፍቱ ነው ባሕሪያ የደረሰችው።

«ኧረ በድሩም እዚህ ነህ? ተቀመጥ፣ ተቀመጥ፤ ለእኔ ብለህ አትነሳ። እትዬ ሰውዳ፣ ባለፈው መፋዛ ሰርግ ነበርኩ። ለሥራ እንዳይመስልዎ፣ ለመብላት ነው። ሥራውንማ አንድ ልጅ ጠቅልሎ ይዞት ነበር፤ የወንዱንም የሴቱንም። ስሙ ምን ያደርግልናል? ማሻአላህ፣ ጎበዝ ልጅ ነው። ሌንስ ገዝቷል… እንዴት ያለ ሌንስ መሰለዎት! ይሄ እዚህ ጠረጴዛው ላይ የተኛው ትንሽ ይመስለዋል። ግን ያኛው ሌላ ነው፣ ይሄማ የበድሩ ነው። ላንሳው፣ በድሩ? ለእትዬ ሰውዳ ለማሳየት ያህል ነው።»

መልስ ሳትጠብቅ አነሳችው፤ የተጠቀለለበትን ናይሎን ገለጥ አድርጋ በሁለት እጇ መዘነችው።

«ክብደቱን አዩልኝ? ያኛውም እንዲሁ ከባድ ነበር። ከባድ ዕቃ መያዝ ያስከብር የለ? ልጁ ወደ ዓይኑ ባነሳው ቁጥር ክንዱ ይንቀጠቀጣል። ሴቶቹ አዘኑለትና ‹ወባ ይዞት ይሆን?› አሉኝ። ‹ኧረ የዕቃው ጥራት ነው› አልኳቸው። ምን ልበል ታዲያ? ደግሞ ይሄን የማቅረቢያውን ቀለበት ይዩ… በአንድ ጣት ገፋ ሲያደርጉት እስከ ጥግ ይሄዳል። የእኔ የአሮጌው ቀለበት ጠንካራ ነው፤ ካላዞሩት አይዞርም፣ ካቆሙበት አይነቃነቅም፣ ግትር ነው። ያኛው ግን የሚገፋውም አይፈልግም። ልጁ ደረቱ ላይ እንዳንጠለጠለው በራሱ ፈቃድ ቀስ እያለ ይወጣል። ለሙሽራው አባት ሻይ ሲቀርብ ልጁ ሰላም ሊላቸው ጎንበስ አለ… ሌንሱ ቀድሞት ብርጭቆው ውስጥ ገባና ስኳሩን ቀመሰላቸው። እንግዲህ ይሄ ነውር ነው? ትሕትና እንጂ! ለትልቅ ሰው ጎንበስ የሚል ዕቃ ዛሬ ከየት ይገኛል?»

እትዬ ሰውዳ የቶባቸውን ጫፍ ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። በድሩ እየሳቁ መሆኑን ከትከሻቸው አወቀ።

መናገር አማረው። ያ ሻይ ያን ያህል እንዳልፈሰሰ ሊያስረዳ ፈለገ። ግን ምን ብሎ? አፉን ከከፈተ፣ ያ ልጅ እኔ ነኝ ማለቱ ነው። ባሕሪያ ስም አልጠራችም፤ ስም ያልተጠራበትን ነገር ከመካከል ብድግ ብሎ የሚመልስ ሰው ራሱን በራሱ ይጠራል። ስለዚህ ዛሬ ምንም ቢመጣ ትንፍሽ ላይል ወሰነና የቀረበለትን ቀይ የከረከዴ መጠጥ አንስቶ ተጎነጨ።

«ጠጋ ይበሉና ይስሙ…» አለች ባሕሪያ፣ ሌንሱን ጆሯቸው አጠገብ አድርጋ ስትነቀንቀው። ከውስጡ ኮሽ፣ ኮሽ አለ። «ይኸውልዎ፣ ያኛውም እንዲሁ ያንሾካሹካል። ብቻውን እንዳይሆን አጫዋች አብረው ሸጠውለታል ማለት ነው። ካሜራው ላይ የሚገጥምበት አፉ ደግሞ ፕላስቲክ ነው። ብልሆች ናቸው የሠሩት! ብረት ቢሆን ኖሮ ይዝግ ነበር፤ ፕላስቲክ ግን እስከሚሰበርበት ቀን ድረስ አይዝግም።»

በድሩ ካርቱም ሲገዛው አልነቀነቀውም። አፉንም ገልብጦ አላየም። በሱቁ መስታወት ፊት አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ሉሉ እንዲህ ብታየኝ ምን ትላለች ብሎ ያየው መልኩን ብቻ ነበር።

«ውይ! ዋናውን ረሳሁት…» ባሕሪያ ናይሎኑን በጣቷ ዳሰሰችው። «ልጁ ዕቃው አቧራ እንዳይነካው ከኋላ እስከ ፊት በናይሎን ጠቅልሎት ነበር። ልንፈርድበት ነው? እኛስ ሬዲዮኑን በናይሎን፣ ሪሞቱን በናይሎን፣ ወንበሩን እንኳ ከነናይሎኑ አይደል የምንቀመጥበት? ያሳደገውን ቤት ሥርዓት ይዞ ወጣ። ግን ሪሞት አያይም፣ እትዬ ሰውዳ… ሌንስ ያያል። እሱ ደግሞ ናይሎኑ ንጹሕ ነው፣ ያሳልፋል ብሎ መስታወቱንም አብሮ ሸፈነው። ፎቶው ታትሞ ሲመጣ፣ ያ ሰላም! መፋዛ ላይ ጭጋግ! እርስዎ የደጋ ልጅ ነዎት፤ እንዲያ ያለ ጭጋግ ዳባት ላይ በሐምሌ አይተው ያውቃሉ? ሙሽሪት በጭጋግ፣ አክስቶቿ በጭጋግ፣ ሒና የምትቀባት ሴትዮ እጇ ብቻ ብቅ ብሏል። አንዲቱ አክስት ‹ልጃችን የቷ ናት?› አለች፤ ሌላዋ ገምታ አሳየቻት። እናትየዋ ፎቶውን ታቅፈው አለቀሱ… የደስታ ይሁን የምን እንጃ። ብቻ ፊቴ ታየብኝ ብላ ያማረረች ሴት የለችም። እንዲህ ሴት የሚያከብር ወንድ ከየት ይመጣል?»

ከሱቁ ጀርባ፣ ከመጋረጃው ኋላ፣ አንዲት ልጅ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ፈነዳች። የሉሉ ሳቅ ነበር። በድሩ አፈረ፤ ከማፈሩም በላይ ተናደደ። ይበልጥ ያናደደው ከተወራው ውስጥ አንዲት ቃል እንኳ ውሸት አለመሆኗ ነው።

«ደፉን ደግሞ አልረገጠም፤ ለዚህ ምስክር ነኝ።» ባሕሪያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እግሩ ውጭ ነው፣ ሌንሱ ውስጥ ነው። ታዲያ ሴቶቹ ምን ሆኑ መሰለዎት? ቶቡን ከራሷ የምታወርድ ጠፋች። የምትጨፍር ጠፋች። ሙሽሪት የተለማመደችው ጭፈራ በሆዷ ቀረ። ሁሉም ተሸፋፍነው፣ ዓይናቸውን በሩ ላይ ተክለው፣ ለቅሶ ቤት እንደ መጣ ሰው ጭጭ ብለው ዋሉ። ጸጥታውስ ቢሆን ጥሩ አይደል? ጉልበት ይቆጥባል… እኔማ ስገባ ሴቶቹ እየጮሁ፣ እየገፈተሩኝ፣ ‹ባሕሪያ ነይ ይችን አንሺን› እያሉ ላብ በላብ ያደርጉኛል። ልጁ ግን አንዲት ጠብታ ላብ ሳይወጣው ሥራውን ጨረሰ።»

በድሩ ግን አሁን ላቡ ከጆሮው ሥር እየወረደ ነበር። እትዬ ሰውዳ መሳቃቸውን ትተዋል። የሚያስቡት ስለ ልጃቸው ጭፈራ መሆኑ ፊታቸው ላይ ያስታውቃል።

ባሕሪያ ሌንሱን ናይሎኑን መልሳ አለበሰችውና በእርጋታ ጠረጴዛው ላይ አስተኛችው።

«ሥራ ልጠይቅዎ እንዳይመስልዎ፣ ለሰላምታ ነው የመጣሁት። ያንን ልጅም ጠልቼው አይደለም… ምን በደለኝ? አብረን ስንት ሰርግ በልተናል! እንዲያውም ሳስታውሰው አንጀቴን ይበላኛል። ልመርቀው ነው የምፈልገው። እስቲ እጃችንን እንዘርጋለት።»

መዳፎቿን ወደ ላይ ከፈተች። እትዬ ሰውዳም ከፈቱ። በምርቃት ሰዓት እጁን የሚያጥፍ ሰው የለምና በድሩም ከረከዴውን አስቀምጦ ከፈተ። ከመጋረጃው ኋላ ሳቁ ጸጥ አለ።

«ያ ልጅ የትም ይዋል የት፣ አላህ ረጅም ዕድሜ ይስጠው። ከክፉ ዓይን ይጠብቀው። ከጨዋ ቤት የተወለደች፣ ሳቂታ፣ ቆንጆ ልጅ ይስጠው። ገዳሪፍ የሚያወራለት ድል ያለ ሰርግ ያድርግለት። በሰርጉም ቀን የሌላ አንሺ እጅ አያሳየው… በዚያው በሌንሱ፣ እንደ ልማዱ ከደፉ ውጭ ቆሞ፣ የገዛ ሙሽሪቱን ራሱ ያንሳት። ሌሊቱ እስኪነጋ እዚያው በር ላይ ያቁመው።»

በድሩ ከልጅነቱ ጀምሮ ምርቃት ሰምቶ ዝም ብሎ አያውቅም። ምላሱ ከሐሳቡ ቀደመ፤ ከሁሉም በፊት፣ ከፍ ባለ ድምፅ፣ «አሚን!» ያለው እሱ ነበር።