በዘይት ያልዋኘ ቺፕስ

ከትምህርት ቤት ስመለስ ደረጃው ላይ የጎረቤቴን የእህት ልጅ አገኘሁት። የጤና ኮሌጅ ተማሪ ነው። ካሮትና ቀይ ሥር አንጠልጥሏል፤ ፊቱ ግን ለጠብ የሚሄድ ሰው ፊት ነው።

«መምህር፣ እባክዎ አብረውኝ ይግቡ። ብቻዬን ከሆንኩ አክስቴ ያባርሩኛል።»

ነገሩን አውቀዋለሁ። የጎረቤቴ ባል ፀጉር አስተካካይ ነው፤ በቅርቡ ደም ግፊት ጥሎት ግራ እጁ አልታዘዝ ብሎታል። ሐኪሙ ጨውና በዘይት የተጠበሰ ነገር ከልክሎታል። ሚስቱ ግን ዛሬም ድንች ቺፕስ ትጠብስለታለች።

ስንገባ መጥበሻው ተጥዷል። ዘይቱ ጠቁሯል፤ ስንት ድንች እንዳሳለፈ እግዜር ይወቅ።

«አክስቴ፣ እሳቱን ያጥፉት።»

«ደግሞ ምን ልታስተምረኝ መጣህ?»

«ጋሼ ይሞታሉ።»

ጭልፋው እጇ ላይ ቀረ።

«አፍህን ያዝ። ይህን ሁሉ ዘመን ያበላሁት እኔ ነኝ። ከሰው ጋር ሲሳሳቅ የሚውል ሰው እቤት ቁጭ ብሎ ቀረ። ያለችው ደስታ ይቺ ናት፤ እሷንም ልንጠቀው?»

«ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤» አልኳት። «ደግሞ ልጁ ቺፕስ ይቅር አላለም።»

«አላልኩም። ካሮቱን፣ ቀይ ሥሩን፣ ድንቹንም በስሱ እንቆርጣለን። ውሃውን በንጹሕ ጨርቅ እናደርቃለን፤ ትንሽ ዘይት አሽተን ኦቭን ውስጥ እያገላበጥን ለዘብ ባለ ሙቀት እናበስለዋለን። በጨው ፈንታ ነጭ ሽንኩርትና የጥብስ ቅጠል።»

«ከእጅ አይሻል ዶማ። እሱ ይህን ወደ አፉ አያስጠጋውም።»

ልጁ ግን አትክልቱን ቆራርጦ ኦቭኑ ውስጥ ከተተው። የመጀመሪያው ትሪ አረረ፤ ልጁ ሲከራከር ረስቶት። «ይኸው ጤናህ» ብላ ጥቁሩን አፍንጫው ሥር አቀረበችለት። እኔም ተናደድኩበት፤ እውነት ይዞ እንዲህ መዝረክረክ ያሳዝናል። ሁለተኛውን ግን ዓይኑን ሳይነቅል ጠበቀ። ጠርዙ ሸብሸብ ሲል አወጣው፤ ሲቀዘቅዝ ኩርሽም የሚል ሆነ።

እሷ የራሷንም ጠብሳ ሁለቱን በሁለት ሳህን አደረገች። «እሱ ይፍረድ። የእኔን ካነሳ ሁለተኛ በዚህ ነገር አፍህን አትከፍትም።»

ሳሎን ገባን። ሰውየው ደህናውን እጁን እንደለመደው ወደ እሷ ሳህን ሰደደ። እጁ ግን መንገድ ላይ ቆመ።

«ከታመምኩ ወዲህ ቅባቱ ደረቴን ያቃጥለኛል» አለ፣ ሳያያት።

«ታዲያ ለምን ትበላለህ?»

«እንዲያ ደክመሽ ስትጠብሺ እያየሁ እንዴት አልበላም ልበል? ይከፋሻል።»

«እኔ እኮ አንተን ደስ ይበልህ ብዬ ነው» አለች። «ላጣህ ነበር እኮ። በይሉኝታ።»

እሱም ከቀይ ሥሩ አንዱን አንስቶ ኮረሸመ። «ይሄ ይሻለኛል።»

ይሉኝታ ጨዋነት ነው እንላለን። በስንቱ ቤት ግን ሰው ሲተዛዘን ይጠፋፋል። ከዚያ ወዲህ ጥቁሩ ዘይት ተደፍቷል፤ በአንድ ቀን ያልቅ የነበረው ዘይት ሳምንት ይዘልቃል፤ አትክልት የማይበላው ሰውዬ ካሮት ይጠይቃል፤ ግፊቱም ወርዷል። ያቺ ተከራካሪ ደግሞ አሁን ጎረቤቱን ሁሉ ቁማ ታስተምራለች።

የዚያን ቀን ግን ሳህኖቹን ሳታነሳ ከባሏ ፊት ለፊት ተቀመጠች።

«ሌላስ?» አለችው። «እንዳይከፋኝ ብለህ የምትውጠው ሌላ ምን አለ?»

እሱ ሳህኑን ገፋ አድርጎ ወደ እሷ ዞር ሲል፣ ልጁን በዓይኔ ጠቅሼው ወጣን።