ጋሼ ጫማ ሰቀሉ

ከሮተርዳም ወደ ሄግ በሚሄደው ባቡር ውስጥ ከፊት ለፊቴ የተቀመጠ አንድ ጎልማሳ ለአንድ ሽበታም ሰው ወንበሩን ሊለቅላቸው ብድግ ሲል፣ «ቁጭ በል፣ ደህና ነኝ» አሉት።

«ጋሼ፣ ያ ፈረንሳዊ አጥቂ ጫማውን ሲሰቅል ያለቀለት መስሎን አልነበር? አሰልጣኝ ሆኖ ይኸው ይበልጥ ተከበረ።»

«ያን ሁሉ ጎል ያገባ ሰው፣ ሲያንሰው ነው። ምነው?»

«እርስዎም ቡድናችንን ቢያሰለጥኑልን ብለን ነበር።»

«መጫወቱን ትቼ?»

«እንዳይቀየሙን ፈርተን ነው እንጂ… አዎ።»

«ተመስገን! ይህን ቃል ስንት ጊዜ ጠበቅኩት! ቅዳሜ በተጫወትኩ ቁጥር ጉልበቴ እያበጠ እሁድ ቅዳሴ መቆም አቅቶኛል።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉን?»

«ኳሱን ሁሉ ለእኔ እያቀበላችሁኝ እንዴት ብዬ ልተው?»

«እኛማ እርስዎን አክብረን ነው። ጎል ካገቡ እኮ ሁለት ዓመት አለፈዎት!»

«እኔስ እናንተን አክብሬ አይደል የምሮጠው!»

«በቃ፣ ከዛሬ ጀምሮ አሰልጣኛችን ነዎት።»

«ነኝ? እንግዲያው የመጀመሪያ ትእዛዜን ስማ፤ ተነስ፣ ልቀመጥ።»

መውረጃዬ ዴልፍት ነበር፤ ወሬያቸውን ስሰማ የባቡሩ በር ተዘጋብኝ።